እንጦጦ ላይ የሚያሰልፈን ብዛታችን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሑድ 6 ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት የያዘ ሰው፣ ከፊቱ የቆመውን የመኪና ጭራ ሲያይ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ሕዝቡ በዛ»። አናት ላይ ደርሶ የዚፕላይኑን (በገመድ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱበትን ጨዋታ) ተራ ሲያይ ያንኑ ይደግማል። ምግብ አዝዞ ሲዘገይበትም እንዲሁ። ስለ ተራራ ሽርሽርና ስለ ሰልፍ ከምናምናቸው ነገሮች ግን ብዙዎቹ ትክክል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የባሰ ሰልፍ ውስጥ የሚከቱን ናቸው።

«ሰልፉ የረዘመው ቦታው ስለጠበበ ነው»

እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረለት ስፋት 1,300 ሔክታር ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ 13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነው። 10,000 ሰው በአንድ ጊዜ ቢገባና እኩል ቢበተን ለእያንዳንዱ ሰው 1,300 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ይህ ከሦስት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ስለዚህ የጠበበው ቦታው አይደለም። የጠበቡት ጥቂት በሮች ናቸው፦ የመውጫው መንገድ፣ የትኬቱ መስኮት፣ የዚፕላይን ቀበቶ የሚያስሩት ሠራተኞች እጅ፣ የወጥ ቤቱ ምድጃ፣ ማታ ደግሞ የመመለሻው ታክሲ። ብልጠቱ ሁሉም ሰው ወደ አንደኛው በር በሚሮጥበት ሰዓት እናንተ ሌላው ጋ መገኘት ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ቀድማችሁ ላይ መሆን፣ ሌላው ትኬት ሲሰለፍ ምሳ መብላት፣ ሌላው ምሳ ሲጠብቅ መጫወት።

«በጠዋት ነው የምንሄደው፤ 4 ሰዓት ላይ እንደርሳለን»

4 ሰዓት ጠዋት አይደለም፤ የሰልፉ መጀመሪያ ነው። የእሑድን ጉዞ ወደ ኋላ ቁጠሩት። አስቀዳሹ ከቤተ ክርስቲያን ቤቱ ይመለሳል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይለብሳሉ፤ ከዚያ መኪናው ይነሣል። ይህ ሁሉ ቤተሰብ ዳገቱ ሥር የሚገናኘው ከ4 ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቅዳሜ ላይ ደግሞ የሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ገበያተኛ ይጨመርበታል፤ በዓል ሲቃረብ ሱቆቹ ፊት ለፊት ለአፍታ የቆመ አንድ መኪና ብቻውን መንገዱን ግማሽ ያደርገዋል።

ጠዋት ማለት ከሽሮ ሜዳ በላይ 2 ሰዓት ላይ መሆን ነው። ጨዋታዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚከፈቱ ከዋዜማው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከመከፈታቸው 20 ደቂቃ ቀድማችሁ መስኮቱ ጋ ድረሱ። የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ከቀትር ሦስት ሰዓት ትበልጣለች። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ግን አትርሱ። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ ላይኛው ከቦሌ በ5 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ላይ በቲሸርት የወጣ ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «እንሂድ» ማለቱ አይቀርም፤ ማልዶ የመውጣቱ ጥቅምም አብሮት ይሄዳል።

«በዓል ቀን አይሞከርም፤ ተራ እሑድ ይሻላል»

ይህ በሰፊው የሚታመን ነው፤ እውነታው ግን ከቀን ቀን ይለያያል። የፋሲካን ጠዋት አስቡ፤ ከተማው ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ፈስኮ ተኝቷል። እስከ 6 ሰዓት ድረስ ዳገቱ የእናንተ ነው። ገናም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሰው ዶሮ ወጡን በልቶ፣ ዘመድ ጠይቆ የሚወጣው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ከበዓሉ ይልቅ የሚከብደው ማግስቱ ነው።

እንቁጣጣሽ ከዚህ ይወጣል። መስከረም 1 የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ እንጦጦ ራጉኤል በምእመናን ይሞላል፤ «ሰው ገና ተኝቷል» ብሎ ማልዶ የወጣ ሰው ራሱን ከንግሥ ጋር ያገኘዋል። እንዲሁም በወር በ21 የማርያም ዕለት ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ደግሞ መንገዱ ጫፍ ላይ ናት። በተለይ 21 እሑድ ሲውል፣ ወይም የመስከረምና የኅዳር 21 ሲሆን፣ ለሽርሽር ሌላ ቀን ምረጡ። ቀኑን ስትመርጡ ከግድግዳው የፈረንጅ ካላንደር ይልቅ ባሕረ ሐሳቡን እዩ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ነገር ሠርግ ነው። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ካሜራማኖች፣ ከኋላ ደግሞ አሥር መኪና። ካሜራማኑ «እዚች ጋ አንድ ፎቶ» ባለ ቁጥር ሰልፈኛው በሙሉ ይቆማል። ወቅቱ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት እስከ ሁዳዴ መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ግን ኦርቶዶክስ ሠርግ አይደግስም። በዓመቱ ውስጥ ሰማዩ ክፍት ሆኖ፣ መንገዱም ቀለል ብሎ የሚገኙት እሑዶች የሁዳዴ እሑዶች ናቸው። በረመዳንም ቀኑ ጭር ይላል፤ ዒድ ላይ ደግሞ ስግደቱ እስኪያበቃ በስታዲየም ዙሪያ መንገድ ስለሚዘጋ ጠዋት መሀል ከተማውን አቋርጦ መምጣት ይከብዳል።

«አጭሩ ሰልፍ ቶሎ ይደርሳል»

የሰልፍ ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መታየት ያለበት ተራው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ነው። ዚፕላይንን ውሰዱ፤ ለአንድ ሰው የደኅንነት ቀበቶ ይታሰርለታል፣ ማሰሪያዎቹ ይፈተሻሉ፣ ሄልሜት ይጠለቅለታል፣ ገመዱ ላይ የምትሽከረከረው ፑሊ ትገጠማለች፣ ከማዶ «ነፃ ነው» የሚል ምልክት ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ይህ ሁሉ 3 ደቂቃ ይወስዳል እንበል፤ በአንድ ገመድ በሰዓት 20 ሰው፣ በሁለት ገመድ 40 ሰው መሆኑ ነው። ከፊታችሁ 30 ሰው ካለ ሁለት ገመድ እየሠራ እንኳ 45 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ጎ ካርት (ትንሿ የውድድር መኪና) ላይ ግን ያው 30 ሰው በዙር በዙር ስድስት ስድስት ሆኖ ስለሚገባ፣ አንዱ ዙር 8 ደቂቃ ቢፈጅ በ40 ደቂቃ ያልቃል።

ስለዚህ ከመሰለፋችሁ በፊት ሰዓታችሁን አውጡና 5 ደቂቃ ብቻ ቁሙ። በነዚያ ደቂቃዎች ስንት ሰው ሄደ? ሦስት ከሄደ፣ ከፊት ያለውን ሰው ለሦስት አካፍላችሁ በአምስት አባዙ። ሌላም የሚታይ አለ፤ ቀበቶ ታጥቀው የቆሙ ሰዎች አሉ ወይስ ሁሉም ገና አልታጠቀም? የታጠቁት በርካታ ከሆኑ ጉሮሮው ገመዱ ነው፣ ተራውም በአንድ ልክ ይሄዳል። የታጠቀ ከሌለ ሠራተኛ አንሷል ማለት ነው፤ ያ ሰልፍ አጭር ቢሆንም ያንቀላፋል።

ክብደትን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዚፕላይን ከላይም ከታችም የክብደት ወሰን አለው፤ በጣም የቀለለ ልጅ መሀል ገመድ ላይ ሊቆም ይችላል፣ በጣም የከበደ ሰው ደግሞ ከልክ በላይ ይፈጥናል። አንድ ሰዓት ከተሰለፉ በኋላ ልጅ ከበሩ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል፤ ጥያቄው ትኬት መስኮቱ ጋ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

«አንዳችን ተራ እንያዝ፣ ሌሎቻችሁ ዞር ዞር በሉ»

ትኬት ላይ ይሠራል፤ ቀበቶ ላይ አይሠራም። ቀበቶ የሚታሰረው በየሰውነቱ ልክ ስለሆነ ባለቤቱ እዚያው መኖር አለበት። ስምንት ሰው የወከለ አንድ ሰው ተራው ደርሶ ሰባቱ ማኪያቶ ላይ ከሆኑ፣ ወይ ተራው ያልፋል ወይ ከኋላ ያለው ሰው ይቆጣል፤ ቢቆጣም እውነቱን ነው። አንዱ ትኬት ሲቆርጥ ሌሎቹ ቀበቶ መታጠቂያው ጋ ቢቆሙ ይሻላል። ለቴሌብር የሚሆነውን ብር ከቤት ሳትወጡ አስገቡ፤ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ ሲነካ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ የተንጠለጠለ ክፍያ ደግሞ መስኮቱን ለሁሉም ይዘጋል። ዝርዝር ብርም ያዙ።

«ሰልፍ የእኛ ሀገር ጣጣ ነው፤ ፈረንጅ ጋ እንዲህ የለም»

አለ እንጂ፤ እንዲያውም በበረዶ ላይ። በአልፕስ ተራሮች የስኪ መዝናኛዎች በገና ሰሞንና በየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ተራራው የሚያወጣውን የወንበር ሊፍት ለመሳፈር ረጅም ሰልፍ ይቆማል። ባለ አራት ወንበር ሊፍት በየ6 ሰኮንዱ አንድ ወንበር ቢልክ በሰዓት 2,400 ሰው ይጭናል። ሰው ሦስት ሦስት ሆኖ ከተሳፈረ ግን 1,800 ብቻ ነው። ለዚያ ነው ብዙ ቦታ «ብቻዬን ነኝ» ለሚል ሰው የተለየ ተራ የሚዘጋጀው፤ ባዶዋን ወንበር እሱ ይሞላታል። (በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነበር፤ እዚያ ላይ ዳገቱም በራስ እግር ነው፣ ሊፍት የለም።)

ይህን ዘዴ እንጦጦም ላይ መሞከር ይቻላል። ጎ ካርቱ አምስት ሰው ይዞ ሊነሣ ሲል፣ ወይም አንድ ፈረስ ሳይያዝ ሲቀር፣ ለአስተናጋጁ በትሕትና «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ቦታ ከተረፈ» በሉት። አምስት ሆናችሁ አብረን ካልገባን የምትሉ ከሆነ ግን ሙሉ ዙር መጠበቃችሁ ነው። ልጆች ካልሆናችሁ ተለያይታችሁ ግቡ፤ መውጫው ላይ ትገናኛላችሁ።

«ክረምት አይወጣም»

የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። በሐምሌም ቢሆን ከ1 እስከ 5 ሰዓት ሳይዘንብ የሚያልፍ ጠዋት ጥቂት አይደለም፤ ሰዉ ግን ቤቱ ነው። ችግሩ መብረቅ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ዚፕላይን ይቆማል፣ ትኬት የቆረጠው ሁሉ ይከማቻል፣ ሲከፈት ሰልፉ እጥፍ ይሆናል። ትኬቱ ለሌላ ቀን ይሻገር እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ጭቃ የማይዝ ጫማ ይኑራችሁ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቀይ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል።

«ምሳ 7 ሰዓት ላይ እንበላለን»

ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብሉ፣ ወይም ቆሎ ይዛችሁ እስከ 9 ሰዓት ታገሡ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ እዘዙ፤ ወጡ የተሠራ ስለሆነ የሚቀረው ማቅረብ ነው። ሸክላ ጥብስ ግን ተራ በተራ ነው የሚጠበሰው። ፓስታ ደግሞ አትቸኩሉበት፦ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መብሰያው ይረዝማል። አስተናጋጁ ላይ ያፈጠጡ ብዙ ሰዎች የተጣሉት ከአየር ግፊት ጋር ነው።

«እንጦጦ ከሞላ ቢሾፍቱ እንሄዳለን»

ቢሾፍቱ ሰልፉን አያጠፋውም፤ እሑድ ማታ ቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ጋ ያቆየዋል። ኢሬቻ በሚከበርበት እሑድማ ጭራሽ አይታሰብም። ጨዋታው ቀርቶ ዛፍና ንጹሕ አየር ከሆነ የፈለጋችሁት፣ 705 ሔክታር ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እዚሁ ጎናችን አለ። ሙሉ ቀን ላለው ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ የሀበሻ ጽድ፣ ጉሬዛ፣ ጸጥታ። ከሰበታ ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ግን አስፋልት አይደለም፤ ዝናብ ከዘነበ ዝቅ ያለች ቪትዝ ይዛችሁ አትግቡ። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

«ስንወርድ ችግር የለም፤ ቁልቁለት ነው»

ስትወጡ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ዳገቱ ላይ አትንጠልጠሉ፤ የተቃጠለ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከፊታችሁ ሁለት መኪና ያህል ክፍተት ሲገኝ ብቻ ተንቀሳቀሱ፣ የራዲያተሩን ሙቀት እዩ። ስትወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ፍሬን ላይ እግሩን እንደጫነ። በተከታታይ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዛችሁ፤ ፍሬኑን እየነካችሁ ልቀቁት። መኪና ከሌላችሁ ደግሞ ማታ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ወደ ላይ ባዶውን መውጣት አይወድም፤ ከ10 ሰዓት በፊት ጥሩት፣ ወይም እንጦጦ ማርያም ጋ ሄዳችሁ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ሚኒባስ ያዙ።