«የመጀመሪያ ቀን» የምኑ ቀን ነው?

ቴምብር መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚያጋጥሙት ቃላት አንዱ «ፈርስት ዴይ ከቨር» ነው። ከቨር ሲባል ሽፋን ይመስላል። አይደለም፤ ደብዳቤ የሚገባበት ፖስታ ራሱ ነው፤ አዲስ ቴምብር ተለጥፎበት የመጀመሪያው ቀን የፖስታ ቤት ማኅተም የተመታበት።

«ፈርስት ዴይ»፣ ማለትም «የመጀመሪያ ቀን» የሚለውም ያሳስታል። ለአንድ ጥንታዊ ድልድይ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ቴምብር ወጣ እንበል። ቀኑ ድልድዩ የተመረቀበት ሳይሆን ቴምብሩ ለሽያጭ የወጣበት ነው። ሁለቱ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ግድ ግን አይደለም።

ስለዚህ ፖስታውን ስታነሱ ከሥዕሉ በፊት ማኅተሙን እዩ። ክቡ ማኅተም ከፊሉ ቴምብሩ ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቀኑ የሚነበበው እዚያ ነው። በግራ በኩል የታተመው የድልድይ ሥዕል ጌጥ ነው፤ ባይኖርም ችግር የለውም። ቴምብሩን ውሃ ነክራችሁ ካላቀቃችሁት ግን አለቀ! በእጃችሁ የሚቀረው ያገለገለ ቴምብር ብቻ ነው።

ሌላም ግር የሚል ነገር አለ። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ሁልጊዜ ማኅተሙ የተመታበት ቀን አይደለም። የአንዳንድ አገሮች የፖስታ ደንብ ዘግይቶ ለመጣ ፖስታም የመጀመሪያው ቀን ማኅተም እንዲመታ ይፈቅዳል። ማጭበርበር አይደለም። እኔ ግን በእውነት ተልኮ የደረሰውን፣ ጠርዙ ትንሽ የተላጠውን እመርጣለሁ።

የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር ፔኒ ብላክ ደግሞ ጭራሽ ያወሳስበዋል። ሽያጩ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1840 ተጀመረ፤ አገልግሎት ላይ እንዲውል የተፈቀደው ግን ከሜይ 6 ጀምሮ ነበር። ቸኩለው ቀድመው የላኩ ሰዎች ነበሩ። ያ ደንብ የጣሰ ፖስታ ዛሬ እንደ ብርቅ ይታያል።