ራጅ ክፍል ስለምንሠራ ሰዎች ጅማ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ከሳምንቱ ገሚሱ በተራ ራጅና በሲቲ ስካን ያልፋል። ገሚሱን ደግሞ ሐኪሙ ምስል እያየ በቆዳ በኩል መርፌና ቱቦ በሚያስገባበት ክፍል ነኝ፤ ይህኛው ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ይባላል። ባጃጅ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ከመልሴ ቀጥሎ የሚሰጠኝ ምክር አለው። ምክሩ ከጎረቤት ብቻ አይመጣም፤ ኢንተርኖችና ነርሶች፣ አንዳንዴም እኛው ራሳችን የምንደጋግመው አለ። ግርም የሚለኝ ሰው የሚፈራው የማይጎዳንን መሆኑ ነው። ሊፈራ የሚገባውን ማንም አያነሣውም።

«ቁልፍ መጫን ነው እኮ»

ይህን የሚሉት ደረት ሲነሡ መስታወት ጀርባ ቆመን ያዩን ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ኩላሊት ውስጥ ቱቦ የሚገባበትን ቀን ልንገራችሁ። የማሕፀን በር ካንሰር ሲሰፋ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበትን ቧንቧ ይጫነዋል። ሽንቱ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይጨምራል። ከደዶ ወይም ከሊሙ የመጣች እናት እግሯ አብጦ፣ እያቅለሸለሻት እኛ ጋ ትደርሳለች። መፍትሔው በጀርባዋ በኩል ኩላሊቱ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን በከረጢት መቀበል ነው፤ ኔፍሮስቶሚ እንለዋለን።

ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ የእኔ ሥራ ተጀምሯል። ስሟንና የካርድ ቁጥሯን፣ የሚሠራው ቀኝ ይሁን ግራ፣ የደም መርጋት ምርመራው መድረሱን አያለሁ። ሲ-አርሙ (በC ቅርጽ ክንድ ላይ የተገጠመው፣ እየሠራን ምስል የሚያሳየን የራጅ ማሽን) በየት በኩል እንደሚገባ፣ የጠረጴዛው ብረት ምስሉን እንዳይጋርድ አስቀድሜ እሞክራለሁ። ከዚያ ዕቃው ነው። መርፌው 18 ጌጅ፣ ቱቦውን የሚመራው ሽቦ 0.035 ኢንች፣ ቱቦው 8 ፍሬንች፤ አንድ ፍሬንች የሚሊሜትር ሲሶ ስለሆነ ቱቦው 2.7 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል ማለት ነው። ሽቦው በመርፌው ውስጥ የማያልፍ ከሆነ፣ የቀዳዳው ማስፊያና ቱቦው ካልተመጣጠኑ፣ ያ የሚታወቀው እናትየዋ ከተወጋች በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ፓኬቱ ላይ ጮክ ብዬ አንብቤ፣ ሐኪሙ ከደገመልኝ በኋላ ነው የምከፍተው። የተከፈተ ፓኬት አይመለስም፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ተመሳሳዩ ላይኖር ይችላል።

ትንፋሽም አለ። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል፤ መርፌው በሚገባባት ቅጽበት መቆም አለበት። ከገጠር ለመጣች እናት በአማርኛ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ብትሏት ላይገባት ይችላል። በኦሮምኛ «ሀፉረ ፉዸዻ… ቀበዻ…» ነው የምንለው፤ ከካፋ ወይም ከዳውሮ ለመጣ ሰው ደግሞ አስታማሚው በር ላይ ቆሞ ያስተረጉማል። በሆዷ ተኝታ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ከኋላዋ ምን እንደሚደረግ ሳታይ የሰማችውን ድምፅ ብቻ ነው የምታምነው። ለዚህ ነው ገና በጀርባዋ ሳለች ዓይኗን እያየሁ ደጋግሜ የማለማምዳት።

መብራቱስ? ክረምት ላይ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሲ-አርሙ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሽቦው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ባትሪ ያለው አልትራሳውንድ ካለ በእሱ እንቀጥላለን። ጠዋት መጀመሪያ የማየው የእሱን ባትሪ ነው። ይህም ከቁልፍ መጫን ይቆጠር እንደሆነ እንጃ።

«ማሽኑ ቢጠፋም ጨረሩ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል»

አይቀርም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደማይቀር ሁሉ የራጅ ጨረርም ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ያበቃል። ወለሉም፣ አንሶላውም፣ የተነሣው ሰውም ጨረር አይረጭም። ከራጅ የወጣች እናት ልጇን ወዲያው ማጥባት ትችላለች። ለታካሚው ራሱ ጨረር የሚያመነጭ መድኃኒት የሚሰጥበት የኑክሌር ሕክምና ሌላ ነው፤ ጥንቃቄውም ሌላ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ ይህን ዓይነት ጨረር ጭራሽ አይጠቀሙም።

«ወተት ጠጣበት፣ ያጥበዋል»

ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ እኛም ወተት ጠጡ እንባላለን። አንዳንድ ባልደረቦቼ ከማታ ተረኛነት በኋላ ግማሽ ሊትር ሳይጠጡ ቤት አይገቡም። ይጠጡ፣ ወተት ነው። ግን የሚታጠብ ነገር የለም። የራጅ ጨረር ሰውነት ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ያደረሰው ነገር ካለ ያደረሰው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚከማች ዝቃጭ አይተውም።

እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤል ላይ የኑክሌር ጣቢያው ሲፈነዳ ብዙ ሕፃናት የተጎዱት በወተት በኩል ነው። ጨረር የሚያመነጨው አዮዲን ሣሩ ላይ አረፈ፣ ላሞቹ ጋጡት፣ ልጆቹ ወተቱን ጠጡ፣ ከዓመታት በኋላ በብዙዎቹ ላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ታየ። ይህን ለወተት ወዳጆቹ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ያነሡታል።

«ልጅ አይወልዱም፤ ቢወልዱም ሴት ብቻ ነው»

ይህኛው ቀልድ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሽማግሌ ሲላክ የሚነሣበት ጊዜ አለ። በቁጥር እንየው። ለጨረር ሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር መለኪያ) ነው፤ በአንድም ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ማንኛውም ሰው፣ ራጅ ክፍል ደጃፍ ደርሶ የማያውቀው ገበሬም ቢሆን፣ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም። ወንድን ለዘለቄታው መካን የሚያደርገው በአንድ ጊዜ የዘር ፍሬ ላይ የሚያርፍ 6 ግሬይ ገደማ ነው፤ በራጅ ጨረር ስሌት ወደ 6,000 ሚሊሲቨርት መሆኑ ነው። 20 እና 6,000 የት ይገናኛሉ?

የሴት ልጁ ወሬ ከየት እንደተነሣ አላውቅም። ከሂሮሺማና ናጋሳኪ የተረፉ ወላጆች ልጆች ለአሥርት ዓመታት ሲጠኑ የወንድና የሴት ድርሻቸው ከሌላው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። እነዚያ ወላጆች ያገኛቸው ጨረር ደግሞ ከእኛ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ባልደረቦቼ ወንድም ሴትም ወልደዋል፤ ሦስት ሴት የወለደ ሲገኝ ግን ስሙ እስከ አጋሮ ይሰማል።

«ሊድ ከለበስክ ምን ትሆናለህ?»

እዚህ ላይ ነው መፍራት የነበረብን። ሊድ ጋውኑ፣ ማለትም ከጨረር ለመከላከል የምንለብሰው ከባዱ ልብስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ብረት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ወፍራሙ የሚደርስበትን ጨረር ከዘጠና በመቶ በላይ ይገታል። የሚሸፍነው ግን የሸፈነውን ብቻ ነው። ዓይን፣ ጭንቅላትና እጅ ውጭ ናቸው፤ አንገትም መሸፈኛው ካልታሰረ እንዲሁ። ፊት ለፊትን ብቻ የሚሸፍን ጋውን ለብሰህ፣ ለታካሚው ጀርባህን ሰጥተህ ዕቃ ልታነሣ ስትዞር ከነጭራሹ የለበስከው ነገር የለም።

ብዙ ሰው ጨረሩ ከማሽኑ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ክፍሉ ውስጥ ለቆምነው ዋናው ምንጭ ታካሚው ነው፤ ጨረሩ ሰውነቱ ላይ አርፎ በየአቅጣጫው ይበተናል። የሚበተነው የሚበዛው ደግሞ ጨረሩ በሚገባበት ጎን ነው። የሲ-አርሙ ጨረር አመንጪ ቱቦ ከጠረጴዛው ሥር፣ ምስል ተቀባዩ ከላይ እንዲሆን የምንሟገተው ለዚህ ነው፤ ሲገለበጥ ብትኑ በቀጥታ ፊትና ዓይን ላይ ይወጣል። «እንዲህ ይመቸኛል» የሚል ሲኒየር ሲመጣ ቃል መመለስ ቀላል አይደለም። «ዶክተር፣ ቱቦውን ወደ ታች ላዙረውና አንዴ ይዩት» ማለት ግን ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ መልሶ መገልበጡ ይረሳል።

ከሊዱ የሚበልጠው መከላከያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወደ ኋላ መራመድ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርስህ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ከታካሚው አንድ ሜትር ላይ የነበረ ሰው ሁለት ሜትር ላይ ሲቆም ሩቡን ነው የሚያገኘው። ጨረሩን የሚለቀው ፔዳል ሲረገጥ ሁሉም ሊያይ ወደ ስክሪኑ ይጠጋል፤ እኔ ግን ወደ በሩ ነኝ። የመጨረሻውን ምስል ስክሪኑ ላይ ማቆየት፣ በሰከንድ የሚነሣውን ምስል ቁጥር መቀነስ፣ ጨረሩ የሚወጣበትን መስኮት ማጥበብ፤ እነዚህ የቴክኖሎጂስቱ እጅ ላይ ያሉ ናቸው፣ ታካሚውንም እኛንም ይጠቅማሉ።

ዓይንን ሳላነሣ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓይን ሌንስ የተፈቀደው መጠን በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት ወርዷል፤ ምክንያቱም የዓይን ሞራ ቀድሞ ከሚታሰበው በጣም ባነሰ ጨረር ሊመጣ እንደሚችል ስለታየ ነው። የእርሳስ መነጽር ያለበት ክፍል ግን ስንት አለ?

ጋውኑ ራሱም ይጎዳል። ብዙ ኪሎ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ሰዓታት መቆም ወገብን ነው የሚቀጣው፤ በቀበቶ የሚታሰረው ባለ ሁለት ቁራጩ ክብደቱን ለዳሌ ያካፍለዋል። እባካችሁ ደግሞ አትጠፉት። ወንበር ላይ ተጣጥፎ የዋለ ጋውን ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከላይ አይታይም፣ ራጅ ሲነሣ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

«ባጁ ይጠብቅሃል»

ደረት ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ባጅ የደረሰህን ትመዘግባለች፣ አታስቀርም። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት ባጅ የምትመዘግበው የሣጥኑን ጨረር ነው። «ብዙ ካነበበ ከሥራ ያነሡኛል» ብሎ ቤት የሚተዋት አለ፤ የጨረር ሥራ አበሉ እንዳይቋረጥበት ሲል ነው። ብዙ ያነበበች ባጅ በመጀመሪያ የምትጠቁመው የአሠራር ችግር ነው፤ ካላነበበች ደግሞ ችግሩን ማን ይነግረናል?

«ካረገዘች ሥራውን ትልቀቅ»

ማርገዟን ካሳወቀች በኋላ እስክትወልድ ድረስ ፅንሱ ላይ የሚደርሰው ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ነው ሕጉ። ሌላ ባጅ ሆዷ ላይ፣ ከሊዱ ሥር ታደርጋለች፣ በየጊዜው ይነበባል። ከሊዱ ሥር የሚነበበው ብዙውን ጊዜ ኢምንት ነው። አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ መቆጣጠሪያ ክፍል መዛወር ከፈለገች መብቷ ነው፤ ሌላው ሰው ወስኖላት መባረር ግን መከላከያ አይባልም። የሚያሳስበው ሌላኛው ነው፤ ይህን ወሬ ፈርታ እርግዝናዋን ደብቃ ሦስትና አራት ወር ፔዳል አጠገብ የምትቆመዋ።

«ቢላ ከሌለው ቀላል ነገር ነው»

እ.ኤ.አ. በ1953 ሴልዲንገር የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በመርፌ ቀዳዳ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ የማስገባትን ዘዴ ጻፈ፤ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው። በ1964 ደግሞ ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ እግሬ አይቆረጥም ያሉ የ82 ዓመት አሮጊትን የጠበበ የደም ሥር በቱቦ ከፈተላቸው፤ ሴትዮዋ በእግራቸው ሄዱ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ቀዳዳው ስላነሰ አደጋው አነሰ ማለት አይደለም። ኩላሊት በደም የተሞላ ነው። የተበከለ ሽንት ሲነካካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰውየው ሊንቀጠቀጥና ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ አንቲባዮቲኩ ቀድሞ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። «ሀጂ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ ስጠይቅ «ኧረ ልጄ፣ አንዲት ነጭ ክኒን ናት» ይሉኛል፤ ያቺ ነጭ ክኒን ዋርፋሪን ሆና ታውቃለች።

«ይሄ አዲስ አበባ ካልሆነ አይሠራም»

ግማሹ እውነት ነው። የሚደማን የደም ሥር ከውስጥ መድፈን፣ የደም ሥር ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ማስቀመጥ፣ የጉበት ዕጢን በደም ሥሩ በኩል ማከም የአንጂዮግራፊ (የደም ሥርን በራጅ የማሳየት) ክፍል ይፈልጋል፤ ያ በአገራችን ብርቅ ነው፣ ሪፈሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን የጉበት መግል ማውጣት፣ በቲቢ ምክንያት ሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውኃ መቅዳት፣ ከዕጢ ናሙና መውሰድ በአልትራሳውንድ ይሠራሉ፤ የሰለጠነ እጅና ዕቃው እስካለ ድረስ ጅማም ላይ። ኔፍሮስቶሚም በአልትራሳውንድና በሲ-አርም ይሆናል። የተዘጋና የተመረዘ ኩላሊት ይዞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚጓዝ ሰው መንገዱ ላይ ሊብስበት ይችላል፤ ሪፈር ከመጻፉ በፊት «እዚሁ በአልትራሳውንድ አይወጣም ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። ስትመጡ የድሮውን ፊልም ወይም ሲዲ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነፓኬቱ ያዙ። ኦሮምኛም አማርኛም የማይሰማ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ አስታማሚ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ይቆይ፤ ሻይ ልጠጣ ብሎ አይሂድብን።