ፓሊዮ ላይ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል?

የፓሊዮ አመጋገብ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ፣ እርሻ ሳይጀመር በፊት፣ ሰው አድኖና ለቅሞ ያገኝ የነበረውን ብሉ ይላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንደ ሰሊጥና ተልባ ያሉ ዘሮች ይፈቀዳሉ። እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና ስኳር አይፈቀዱም።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እኛ ገበታ ላይ ነው። «ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ የተከለከለው ግሉተን ሳይሆን እህል ነው። ስለዚህ እንጀራ ወጣ። ሽሮና ምስርም አብረው ወጡ። ኦቾሎኒም አይበላም፤ ዘመዶቹ ባቄላና አተር ናቸውና። ጎመን በሥጋና ቋንጣ ግን ችግር የለባቸውም። ንጥር ቅቤ ያጨቃጭቃል፦ ጥብቆቹ «ከወተት ነው» ይላሉ፣ ሌሎቹ ወተትነቱ በማንጠር ወጥቷል ብለው ያልፉታል። ድንችም እንደዚሁ ነው።

መጠጥ ላይ ውሃ አያከራክርም። ቡናና ሻይ ያለ ስኳርና ያለ ወተት ብዙዎች ይፈቅዳሉ። የድንጋይ ዘመን ሰው ጀበና እንዳልነበረው ግልጽ ነው፣ ግን ማን ቡናውን ይተዋል? ጠላና ቢራ ከእህል ስለሚጠመቁ አይሆኑም።

ደንቡ ራሱም ቀዳዳ አለው። በገሊላ ባሕር ዳርቻ፣ ኦሃሎ በሚባል ቦታ፣ ከ23,000 ዓመት በፊት ሰዎች የዱር ገብስ ይሰበስቡ እንደነበር በቁፋሮ ታውቋል።

ለጿሚ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ በጾም ሲቀሩ፣ ሽሮና ምስሩን ፓሊዮ ይወስዳቸዋል።