«እማማ፣ አይነሱ!» ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ኦክስጅንና ስለ እንቅስቃሴ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ጭስ እንጀራ ጋግራለች። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ሳንባዋ ግን ተጎድቷል። ሊጠይቃት የሚመጣ ሁሉ «እማማ፣ አይነሱ፣ እኛ እናደርገዋለን» ይላታል። ከፍቅር ነው። ግን ይበልጥ የሚያደክማት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ማረፍ አለበት»

የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚከዳው የእግሩ ጡንቻ ነው። የላላ ጡንቻ በትንሽ ሥራ ይዝላል፣ ትንፋሽንም ያስሮጣል፤ ትናንት ሳሎን ድረስ ይሄድ የነበረው ሰው ዛሬ ከአልጋ ሲወርድ ያለከልካል። የልብ ድካም ላለባቸውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመው ኤችኤፍ-አክሽን የተባለ ጥናት 2,331 የልብ ድካም ሕመምተኞችን ይዞ፣ በባለሙያ የታቀደ እንቅስቃሴ እንደማይጎዳቸው አሳይቷል። መጠነኛ ማለክለክ በራሱ ጉዳት አይደለም። የደረት ውጋት፣ ራስ መሳት ወይም አዲስ የእግር እብጠት ካለ ግን ሐኪም ሳያይ አይጀመርም። የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) በጣም ለጠበበበትም እንደዚሁ፤ እኛ አገር ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣ የቫልቭ ጉዳት ብዙ ነው።

«በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡ!»

ይህን ስሰማ በጣም ይከፋኛል። ሲኦፒዲ በሚባለው የሳንባ ሕመም አየሩ የሚቸገረው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። መውጫው ጠቧል፤ ሰውየው ሲጣደፍ አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል፣ ደረቱ እንደ ተነፋ ከረጢት ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ ሳብ ብትለው ቦታ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ማስወጣት ነው። በአፍንጫ ሳብ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ በቀስታ እፍፍ። ማስወጣቱ ከመሳቡ እጥፍ ይርዘም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆመው ይሳቡ፣ እፍ እያሉ ሁለት ደረጃ ይውጡ፣ እንደገና ይቁሙ። ካቃተ ጎንበስ ብሎ ክንድን መደገፊያው ላይ ማሳረፍ ይረዳል። እናቴ ሁለተኛ ፎቅ የምትደርሰው እንዲህ ነው፤ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም።

«ኦክስጅን ከተጀመረ አበቃ»

ኮቪድ ያባሰው ፍርሃት ነው። ቁጭ ብሎ እንኳ ኦክስጅኑ በጣም ዝቅ የሚል የሲኦፒዲ ሕመምተኛ በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢወስድ ዕድሜው እንደሚረዝም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ሱስም አያስይዝም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ «ትንፋሽ ካጠረ ኦክስጅን ነው፣ በብዛት ሲሆን ደግሞ ይሻላል»። ትንፋሽ ማጠርና የኦክስጅን ማነስ ሁለት ነገር ናቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ 94 በመቶ እያለም ሰው ሊያለከልክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 738 የሲኦፒዲ ሕመምተኞች ተሳትፈው ነበር፤ ኦክስጅናቸው በመጠኑ ብቻ ለቀነሰባቸው ለእነዚህ ሰዎች ኦክስጅን ዕድሜም አልጨመረ፣ ሆስፒታል መግባትም አልቀነሰ። ሲራመዱ በጣም የሚወርድባቸው አሉ፣ ለእነሱ በእንቅስቃሴ ሰዓት መውሰዱ ሊጠቅም ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ግን እየተራመዱ ሲለካ ነው። የኦክስጅኑን ፍሰት በራስ ፈቃድ መጨመር ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያጠራቅም ስለሚችል ሐኪሞች የብዙ የሲኦፒዲ ሕመምተኞችን የደም ኦክስጅን ከ88 እስከ 92 በመቶ ላይ ነው የሚይዙት።

«ጭንብል ያለው ማሽን ያው ኦክስጅን ነው»

አይደለም። ማሽኑ አየር በግፊት እየላከ የደከመውን የመተንፈሻ ጡንቻ ያግዛል። በአንዳንድ የማገገሚያ ማዕከላት ሕመማቸው የጠናባቸው ሰዎች ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ሲሠሩ ይደረግላቸዋል። ቤት ውስጥ በራስ የሚሞከር ነገር አይደለም።

«ኦክስጅን ራሱ ይነዳል»

አይነድም፤ ያገኘውን እሳት ግን ያፋፍማል። ከሰል፣ ጧፍ፣ እጣን፣ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ፣ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ቱቦው ከአፍንጫ ከወለቀ በኋላም ልብስና ፀጉር ውስጥ ኦክስጅን ስለሚቆይ ወዲያው ወደ ምድጃው መጠጋት የለም፤ ትንሽ ነፋስ ላይ ቆይቶ ነው።