በጎንደር የፈጠራ ሥራ ቤቶች የት ይከፈታሉ?

ጎንደር ላይ ባነር ማሳተም፣ ማህተም ማስቀረጽ ወይም የሰርግ ፎቶ መነሳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፒያሳን ነው የሚያስበው። መነሻው ጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ሳለ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ፒያሳ ላይ ሠራ። ንግዱም በዙሪያቸው ተሰበሰበ።

ደርግ ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ደረሱ፤ ሌሎቹን «ኪራይ ቤቶች» የተባለው የመንግሥት ድርጅት ያዘ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕራግ ውስጥ የተወረሱ ቤቶች ለባለቤቶቻቸው ስለተመለሱ የመሃል ከተማ የሱቅ ኪራይ በገበያ ዋጋ ሄደ። ታሊን ላይ ደግሞ የድሮ የባቡር ፋብሪካ የዲዛይነሮችና የአርቲስቶች ሰፈር ሆኗል። እኛ ዘንድ በድሮ ኪራይ የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው እንደዋዛ አይለቅም። ለምን ይልቀቅ? አዲስ ገቢው ከግል አከራይ በውድ ይከራያል። አለዚያም አንድ ጥግ ይጋራል። ላፕቶፕ ብቻ የሚበቃው ግራፊክስ ሠሪ ቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ ደንበኛውን ካፌ ያገኘዋል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪና የቴዎድሮስ ግቢዎች አካባቢ የሚሰባሰቡት የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥራዝ ቤቶች ናቸው። ምርቃት ሲደርስ ፎቶ አንሺም ይጨመራል።

የእደ ጥበቡ አሰፋፈር ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ሽመናው በአዲስ ዓለም፣ ሸክላውና ቀጥቃጭነቱ በቤተ እስራኤል መንደሮች ጸና። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠራል። የሚሸጠው ግን ለእንስራ ፈላጊ ሳይሆን ለጎብኚ ነው፤ ትንንሽ ምስሎች መንገድ ዳር ተደርድረው ታያላችሁ።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ለጥምቀት ሰሞን ፎቶ አንሺው ሱቁን ዘግቶ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል። አዝማሪውማ ቀድሞም ሱቅ የለው፤ ማሲንቆውን ይዞ ድግስ ያለበት ይሄዳል።