ጭነት

ጭነት በእንስሳ፣ በተሽከርካሪ፣ በባቡር ወይም በመርከብ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓጓዝ ዕቃ መጠሪያ ነው። «ጫነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የግዕዝ ዘሩ «ጸዐነ» ነው፤ «ጫና» እና «ተጽዕኖ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሰው በጀርባው ወይም በትከሻው የሚይዘው ግን ሸክም እንጂ ጭነት አይባልም፤ ይህን ልዩነት ተናጋሪው ሳያስበው ይጠብቀዋል።

ከመኪና በፊት ጭነት የአህያ፣ የበቅሎና የግመል ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ወደ መቀሌ የሚወጣው አሞሌ የግመል ጭነት ነበር። እህል በጫንና በዳውላ ይሰፈር ነበር፤ ልኩም ከአገር አገር ይለያይ ነበር። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ባቡሩ በ1909 ደረሰ። የጭነት መኪና የበዛው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። የመኪናው አካል በባዕድ ስም ሲጠራ፣ የሚሸከመው ነገር ግን የአገሩን ስም አልለቀቀም።

መለኪያው ላይ ይህ ጥንካሬ አልታየም፤ ኩንታልም ባዕድ ቃል ነው። የመኪና አቅም በቶን ሳይሆን በኩንታል ይነገራል፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። «የ400 ኩንታል መኪና» ሲባል 40 ቶን የሚጭን ተሳቢ ማለት ነው። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሚታሸግ ያ መኪና ሙሉ ሲሆን 800 ከረጢት ይይዛል፤ ጫኝና አውራጆች አንድ በአንድ በትከሻቸው ያወርዱታል። በዚያች ቅጽበት ጭነቱ ሸክም ይሆናል።

አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ የሚሸጡት በቢያጆ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ «ጉዞ» ማለት ሲሆን፣ በግንባታ ሰፈር አንድ ገልባጭ መኪና በአንድ ጊዜ የሚያመጣውን ያመለክታል። ስለዚህ ቢያጆ ቋሚ ልክ የለውም፤ በትልቁ ገልባጭና በትንሹ አይሱዙ የመጣ «አንድ ቢያጆ» እኩል አይደለም። ጠንቃቃ ገዢ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ይጠይቃል፣ አሸዋው ሳይገለበጥም ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ያያል። ውሃ በቦቴ ሲመጣም ቢያጆ የሚሉ አሉ።

የመንጃ ፈቃድ ምድብም በከፊል በጭነት ዓይነት ነው፦ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ። ነዳጅ የሚያጓጉዝ አሽከርካሪ «ፈሳሽ» ያስፈልገዋል። የሕዝብ ማመላለሻ ላይ «ጫነ» ለሰውም ይነገራል፤ ከወንበር በላይ ያሳፈረ ሚኒባስ «ትርፍ ጫነ» ይባላል። ተሳፋሪን ከጆንያ ጋር በአንድ ግሥ መጥራት ክብር ይነካል የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ግን ለማንም ሳያዳላ ሥራውን ቀጥሏል።

በከባድ መኪና ረገድ ትርፍ ጭነት የሚያዘው በሚዛን ጣቢያ ነው። ጥብቅነቱ ምክንያት አለው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደው የመንገድ ሙከራ መሠረት፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል።

በአሽከርካሪዎችና በደላሎች ዘንድ ጭነት ማለት ሥራ ማለትም ነው። «ጭነት አለ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ኪራይ ነው። «የመልስ ጭነት» ያላገኘ መኪና ነዳጁን እያቃጠለ ባዶውን ይመለሳል። በጅቡቲ መስመር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ከወጪው ስለሚበልጥ ወደ ወደብ ባዶውን የሚወርደው ብዙ ነው።

በኤሌክትሪክ ዘርፍ ጭነት በመስመር ላይ ያለ የኃይል ፍላጎት ነው። በኮምፒውተር ዘርፍ ደግሞ ፕሮግራም ይጫናል።