የክሪኬት ዲቪዚዮን ምንድን ነው? ትኬት አለመሆኑን ግን ከወዲሁ እንስማማ

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ አፍጋኒስታን ክሪኬት ሲያወራ፣ «ከአምስተኛ ዲቪዚዮን ተነስተው በአንድ ዓመት ዓለም ዋንጫ ገቡ» አለ። አልገቡም። በ2011ዱ የዓለም ዋንጫ አፍጋኒስታን አልነበረችም። ታሪኩ እውነቱም በቂ ጉድ ነው፤ ለምን ቅመም እንደሚጨምሩበት አይገባኝም።

ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ አልነግራችሁም። ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ባዶ መሬት ላይ ሲጫወቱት ሳያይ አይቀርም። እኔ የማወራው ስለ 50 ኦቨሩ ክሪኬት ነው (አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው)። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች። ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከ2007 እስከ 2019 የዓለም ክሪኬት ሊግ የሚባል ውድድር ነበር። በበዛበት ጊዜ ስምንት ዲቪዚዮን ደርሶ ነበር። ሊግ ይባል እንጂ በየሳምንቱ የሚካሄድ አልነበረም። ጥቂት አገሮች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ በሳምንት በአሥር ቀን ተጫውተው ይጨርሳሉ። ብዙውን ጊዜ ከላይ ሁለቱ ያድጋሉ፣ ከታች ያሉት ይወርዳሉ። ዝናብ ከመጣ፣ ወይም ዋናው ተጫዋችህ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ካጣ፣ አለቀልህ።

ስህተቱ የሚመጣው ከእግር ኳስ ነው። እኛ ስናስብ ወይ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ማደግና መውረድ ይመስለናል፣ ወይ እንደ አህጉር ማጣሪያ። «አፍሪካ ስንት ኮታ አላት?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በ50 ኦቨር የዓለም ዋንጫ የአህጉር ኮታ የለም። የታችኞቹ ዲቪዚዮኖች በየአህጉሩ ከሚደረጉ ውድድሮች ቡድን ይቀበሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ነው።

የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ዲቪዚዮኑ ሰልፉ ነው፣ የዓለም ዋንጫው ታክሲው። ሰልፉ ላይ ወደፊት መጠጋት ታክሲ ውስጥ መግባት አይደለም። ታክሲው ደግሞ ባዶውን አይመጣም። እነ ህንድ፣ እነ አውስትራሊያ፣ እነ እንግሊዝ ከመነሻው ተሳፍረው ነው የሚመጡት። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «አራት ሰው!» ይላል። ሰልፉ ላይ አምስተኛ ከሆንክ፣ ከየት ተነስተህ እንደደረስክ ማንም አይጠይቅህም።

አፍጋኒስታን የደረሰባት ይኸው ነው። በግንቦት 2008 በጀርዚ ደሴት የተደረገውን አምስተኛ ዲቪዚዮን አሸነፈች። በፍጻሜው ባለሜዳዋ ጀርዚ 80 ራን ላይ ተጠቅልላ ወጣች (ራን በክሪኬት የሚቆጠረው ውጤት ነው)። አፍጋኒስታኖች ያቺን ትንሽ ቁጥር ለማለፍ ከአሥር ዊኬት ስምንቱን አጥተው፣ ማለትም ስምንት መቺ ወጥቶባቸው ነው የተረፉት። በጥቅምት 2008 ታንዛኒያ ላይ አራተኛውን አሸነፉ። በጥር 2009 ቦነስ አይረስ ላይ ሦስተኛውን። እዚያ አፍጋኒስታን፣ ኡጋንዳና ፓፑዋ ኒው ጊኒ በነጥብ እኩል ሆኑ። የለያቸው ኔት ራን ሬት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም፤ ውጤት መመዝገብ ሥራዬ ነው። ኔት ራን ሬት የራን ልዩነት አይደለም። በአንድ ኦቨር በአማካይ ያገባኸው ራን፣ ተቃራኒዎችህ ባንተ ላይ በአማካይ ካገቡት ሲቀነስ ነው። ወጥመዱ ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ ቡድንህ በ30 ኦቨር ሁሉም ተጠርገው ቢወጡ፣ የሚካፈለው ለ30 ሳይሆን ለሙሉው 50 ነው። በዚህ ስሌት ስህተት ሠርተው «አልፈናል» ያሉ ሰዎች አይቻለሁ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ያን ቀን ቀረች።

አፍጋኒስታንና ኡጋንዳ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አልሄዱም። አፍጋኒስታን በዚያ ጉዞዋ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን ተጫውታ አታውቅም። ያ ዲቪዚዮን በ2007 መጨረሻ ናሚቢያ ላይ አልቆ ነበር። የሦስተኛው ሁለት አላፊዎች በቀጥታ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የ12 ቡድኖች ማጣሪያ ገቡ። እዚያ የቀረበው አራት ወንበር ነው። አየርላንድ፣ ካናዳ፣ ኔዘርላንድስና ኬንያ ወሰዱት። አፍጋኒስታን አምስተኛ ወጣች።

አምስተኛ መውጣቷ ግን ባዶ እጇን አልመለሳትም። እዚህ ላይ ታክሲዬ ትንሽ ይንገጫገጫል። ከማጣሪያው እስከ ስድስተኛ የወጡት ለአራት ዓመት የኦዲአይ (የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ) ደረጃ ተሰጣቸው። ይህ ማለት ጨዋታቸው በይፋ እንደ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ይቆጠራል። ታክሲው ውስጥ ባትገባም ስምህ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ይጻፋል እንደማለት ነው። በአራተኛ ዲቪዚዮን መቶ ራን ያገባ ልጅ ኦዲአይ መዝገብ ውስጥ የለም። በኦዲአይ ያገባ አለ። ዲቪዚዮን፣ ደረጃና የዓለም ዋንጫ ወንበር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተንታኙ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ጠቀለላቸው።

ምናልባት ያምታታው የ2010ሩ ቲ20 (የ20 ኦቨሩ አጭር ክሪኬት) የዓለም ዋንጫ ይሆናል። አፍጋኒስታን እውነትም ካሪቢያን ላይ በዚያ ተሳትፋለች። ግን የቲ20 ማጣሪያ ሌላ መንገድ ነው። ዛሬም ሌላ ነው፤ እንዲያውም እዚያ የአህጉር ኮታ አለ። ለ2024ቱ ቲ20 ከአፍሪካ ማጣሪያ ያለፉት ናሚቢያና ኡጋንዳ ናቸው። ኡጋንዳ በማጣሪያው ዚምባብዌን አሸንፋ፣ ዚምባብዌ ቤቷ ቀረች። ስለዚህ «ኮታ» የሚለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ውድድሩን ነው የሳተው።

የ50 ኦቨሩን ወንበር አፍጋኒስታን ያገኘችው በጥቅምት 2013 ሻርጃ ላይ ኬንያን አሸንፋ ነው። በ2015ቱ የዓለም ዋንጫ ዱነዲን ላይ አንድ ዊኬት ብቻ ሲቀራት ስኮትላንድን ረታች። ከጀርዚ እስከዚያ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ ዓመት የት፣ ሰባት የት።

ኬንያስ? በ2003 ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ጎረቤታችን፣ በ2007 ናይሮቢ ላይ አንደኛ ዲቪዚዮንን አሸነፈች። በ2014 የኦዲአይ ደረጃዋን አጣች። በ2018 ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደች። ሰልፍ ወደ ኋላም ይሄዳል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ወንበሩ መቀነሱ ነው። የ2015ቱ 14 ቡድን ነበረው። የ2019ኙና የ2023ቱ 10 ብቻ። ስምንቱ ቀድመው ተቀምጠው፣ ረዳቱ «ሁለት ሰው!» ማለት ጀመረ። ሰልፉ አላጠረም፣ ታክሲው ነው ያነሰው። ጭራሽ ትልልቆቹም ወርደው ተሰለፉ። በ2018 ሐራሬ ላይ ስኮትላንድ ዝናብ ባቋረጠው ጨዋታ በዌስት ኢንዲስ በአምስት ራን ተሸነፈች። በዚያ ጨዋታ የስኮትላንዱ ሪቺ ቤሪንግተን ኤልቢደብሊው (ወደ ዊኬቱ እንጨቶች የሚሄደውን ኳስ በእግሩ አገደ) ተብሎ ወጣ፤ ድጋሚ ምስሉ ኳሱ እንጨቶቹን ይስት እንደነበር አሳየ። በቪዲዮ የማረሚያ ሥርዓት አልነበረም። በ2023 ደግሞ ያቺው ስኮትላንድ ዌስት ኢንዲስን አሸንፋ ከዓለም ዋንጫ አስቀረቻት። ቀጥላ ቡላዋዮ ላይ በኔዘርላንድስ ተሸንፋ ራሷም ቀረች።

ዲቪዚዮኖቹ በ2019 ተዘጉ። አሁን ያለው ሊግ 2 የሚባል የስምንት ቡድኖች ውድድርና ከሱ በታች 12 ቡድን በሁለት ምድብ የያዘ ቻሌንጅ ሊግ ነው። በሊግ 2 እያንዳንዱ ቡድን 36 ጨዋታ ያደርጋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከአሥር ቀኑ ዕጣ ፈንታ የተሻለ ፍትሕ ነው። ከ20ዎቹ ውጭ ላለ አገር ግን በሩ ጠባብ ነው።

ለ2027 ወንበሩ ወደ 14 ተመልሷል። ስምንቱ በደረጃ ሰንጠረዥ ይገባሉ፣ አራቱ ከ10 ቡድኖች ማጣሪያ። ቀሪው ሁለቱ የአስተናጋጅ ነው። አስተናጋጆቹ ግን ሦስት ናቸው፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ። በቀጥታ የሚገቡት የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ናሚቢያ ሜዳ ታዘጋጃለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፤ ለመጫወት ግን በሊግ 2 በኩል እንደ ኔፓልና እንደ ኦማን ራሷ ማለፍ አለባት።